ሰሊጥ የሚለው ዘፈን

ገንዳ ውሃ፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ኪዳን፤

ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው «ይድረስ» ብሎ ይጀምራል። እኔም ሦስት ጊዜ ጽፌው ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። የት እንደሚደርስ ሳላውቅ ይድረስ ማለት እጄን ያዘኝ። ስለዚህ ፊት ለፊቴ እንደተቀመጥክ ቆጥሬ ዝም ብዬ ልጻፍልህ።

እንዴት ነህ? እናትህ ደህና ናት። እኔም ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ፤ ጆሮዬን ትራክተሩ ነው የበላው፣ እሱን ታውቃለህ። ሰሊጡ ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ስለጠፋበት ፍሬው ደቃቅ ሆኗል። ማሽላው ግን ሰውም ወፍም የሚጠግብበት ነው። ያቺ ነጭ ፍየልህ መንታ ወልዳለች። እናትህ አንዱንም አታሳርድም፤ «ኪዳን ሲመጣ» ትላለች። ፍየሎቹ በዚሁ ከቀጠሉ ቤቱን ለነሱ ለቀን መውጣታችን ነው።

ወረቀት ያነሳሁት ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው። ስልክህን ስንደውል አንዲት ሴትዮ በዓረብኛ የሆነ ነገር ትልና ይዘጋል። እናትህ በቀን ሁለት ጊዜ ትደውላለች። አንድ ቀን «አንቺ ልጅ የለሽም?» ስትላት ሰማኋት። ኢንተርኔቱም በእኛ በኩል ከነሐሴ ወዲህ የለም። ባህሩ፣ ሰሊጣችንን ይጭን የነበረው ሹፌር፣ ነገ ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ ይሻገራል። «አያ ታንጉ፣ ጽፈው ይስጡኝ፤ ከገዳሪፍ ወደ ውስጥ የሚገባ ሹፌር አላጣም» አለኝ። ሲለኝ ግን ዐይኔን አላየኝም። እኔም አላየሁትም። ሁለታችንም የመኪናውን ጎማ ነበር የምናየው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር፤ እሱን ካልተናገርኩ ሌላው አይወጣልኝም። ሚያዝያ ላይ፣ ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ በተነሳ በሦስተኛው ቀን ስትደውል እኔ እዚያው ነበርኩ። እናትህ አልቅሳ ከጨረሰች በኋላ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። «አባትህን ላቅርብልህ» ስትልህ ሰምተሃል። እኔ ደግሞ «እጄ ግራሶ ነው፣ ሰላም በይልኝ» አልኩ። ያንንም ሰምተህ ይሆናል። ኪዳን፣ እጄ ግራሶ አልነበረም። ታጥቤ ምሳ ለመብላት ተቀምጬ ነበር።

ያን ጊዜ ኩርፊያችን ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ለምን እንደተኮራረፍን ሰው ቢጠይቀኝ ለመናገር አፍራለሁ፤ በአንድ ቃል ነው። እንደ ሌላው ሰው በመሬት ወይም በሴት ብንጣላ እንኳ ወግ ነበረው።

ልጅ ሳለህ «አባዬ፣ ፀጉራሞቹን ዘፋኞች መጀመሪያ እንዴት አወቅካቸው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። «ዝም ብለህ ስማ» አልኩህ። ለጥያቄ መልስ መስጠት የምወድ ሰው አይደለሁም። አሁን ግን ጊዜው በጄ ነው፤ ልመልስልህ።

1989 ዓ.ም. ላይ ነው። እኔ የሰው እርሻ ላይ ትራክተር እነዳ ነበር፤ አንተ ገና አልተወለድክም። ከገዳሪፍ የመጣ ሳሊም የሚባል መካኒክ ነበረን፤ እጁ ወርቅ፣ አፉ ግን የማያርፍ። አንድ ጠዋት ቴፑን ፓራፋንጎው ላይ አስሮ ከኋላዬ ተፈናጠጠ። ጥቂት እንደሄድን አንድ ነገር ሲያፏጭና ሲያጓራ ሰማሁና ደንግጬ ሞተር አጠፋሁ። «ምን ሆንክ?» አለኝ። «ካምቢዮው ተበላ፣ አልሰማህም?» አልኩት። ሞተሩ ጠፍቶም ጩኸቱ ቀጠለ። ሳሊም ከትራክተሩ ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጦ ነው የሳቀው። «ያ ታንጉ፣ ካምቢዮ አይደለም፣ ጊታር ነው።»

እንግዲህ የመጀመሪያው ቀን ይህ ነው። ወደድኩት አልልህም፤ ብልሽት መስሎኝ ነው የሰማሁት። በሁለተኛውም ቀን ጥፋቱን ላገኝለት ብዬ አዳመጥኩ፤ ያው ሞተር አዋቂ አይደለሁ። ከበሮው ቆሞ እንደሚሠራ ሞተር ሚኒሞውን ሳያዛንፍ ይይዛል። ወፍራሙ ጊታር ከሥር ይጎትታል። ቀጭኑ ጭነት ይዞ ዳገት እንደሚወጣ መኪና ይጮሃል፣ ግን አይጠፋም። ጥፋት ፈልጌ አጣሁበት። በሦስተኛው ቀን «ያንን ነገር ክፈተው» አልኩት።

ያን ሰሞን አጨዳ ነበር። ከጎጃምና ከወሎ ለሥራ የወረዱት ሳሉጎች አርባ ይሆኑ ነበር። ቴፑ ከትራክተሩ ላይ እየጮኸ በአጠገባቸው ስናልፍ ቸሩ የሚባለው የጎጃም ሰው ነዶውን ከትከሻው ጣለና እጁን አንስቶ አስቆመን።

«አያ ታንጉ፣ ሰውየው ሰሊጥ አለ እኮ።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ሳጥኑ ውስጥ ያለው።»

ሳሊም መለስ አድርጎ ከፈተው። እውነትም አለ። ዘፈኑ ከፍ ሲል ሰውየው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ «ሰሊጥ፣ ሰሊጥ፣ ሰሊጥ፣ ሰሊጥ» ይላል፣ አራት ጊዜ። አርባ ሰው ማጭዱን ይዞ ትራክተሩን ከበበ። ምግብ አብሳያችን አየሁሽ ሳትቀር ማማሰያዋን ይዛ መጣች። እንደገና ሰማን፣ እንደገና። «ፈረንጅም ሰሊጥ ያጭዳል ማለት ነው?» አለ አንዱ። ቸሩ አሰብ አደረገና «አጭዶ ባያውቅ እንዲህ አይጮህም» አለ። በዚህ ሁላችንም ተስማማን። ወገቡን የሚቆርጠው፣ ፀሐይ አናቱን የሚበላው ሰው ድምፅ እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አጨዳው በሱ ሆነ። ቸሩ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሰሊጥ መካከል ማጭዱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ አንዴ ያጨበጭባል፤ አርባውም ይከተለዋል። ካሴቱ ውስጥ ያ ጭብጨባ የለም፣ እኛ የጨመርነው ነው። በካሴቱ ወረቀት ላይ ስማቸው የተጻፈበት ጫፍ በግራሶ ስለጠፋ፣ በፎቶው ላይ አራቱም ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ ስለወረደ፣ ፀጉራሞቹ አልናቸው። ወገቡን ይዞ የቆመውን አሠሪው፣ መነጽር ያደረገውን ጸሐፊው ብለን ነበር። ሳሊም አገሩ ሲገባ ቴፑን ከነካሴቱ ትቶልኝ ሄደ። ቸሩ በየዓመቱ ከደጋ ሲወርድ ሰላም ከማለቱ በፊት «ፀጉራሞቹ አሉ?» ይል ነበር። የራሴን ማሳ ስይዝም ሌላ ቦታ የተሻለ ሥራ ትቶ ወደ እኔ የመጣው ለነሱ እንጂ ለእኔ ብሎ አይደለም፤ ራሱ ነው የነገረኝ።

የቀረውን ታውቀዋለህ። ከዚያ ቴፕ አጠገብ ጆንያ ላይ ተኝተህ ነው ያደግከው። አፍህን ሳትፈታ ጊታሩን በአፍህ ትጫወት ነበር፤ እናትህ «ልጁ ሆዱን ያመዋል» ብላ ጠበል ወስዳሃለች። ካሴቱ ሲላላ በእስክርቢቶ የምታጠነጥነው አንተ ነበርክ፤ ለሌላ ሰው አላምንም ነበር።

ከዚያ ዘጠነኛ ክፍል ገባህ። አጨዳ ላይ፣ ምሳ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ዳሱ ሥር እንደተቀመጠ ፊትህ እንደበራ መጣህ። «አባዬ፣ ሰሊጥ አይደለም የሚለው። ሴል ኢት ነው። ሽጠው፣ ሽጠው ነው የሚለው።» አንተ ደስ ብሎህ ነው የተናገርከው፤ አሁን ይገባኛል። አዲስ ነገር አግኝተህ ወደ እኔ ሮጠህ መምጣትህ ነበር። እኔ የሰማሁት ግን ሳቁን ነው። ቸሩ ሳይቀር ሳቀ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ለተቃረበ ጊዜ ሽጠው እያልን ስናጭድ መኖራችን ላሰበው ሰው ያስቃል። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። «የተማርከው አባትህን ለማረም ነው? ከዛሬ ጀምሮ ከቴፔ አጠገብ እንዳላይህ» አልኩህ። አንተም ያኔውኑ ተነስተህ ሄድክ፤ ምሳህን አልበላህም።

ከዚያ በኋላ በስልክህ፣ ጆሮህ ውስጥ ሰክተህ ብቻህን ትሰማቸው ጀመር። ትክክለኛ ስማቸውን አወቅህ፣ ሌሎች ዘፈኖቻቸውንም አገኘህ። አልነገርከኝም፤ እኔም አልጠየቅኩህም። ካርቱም የድምፅ ማጉያ ጥገና ሱቅ ውስጥ ሥራ አግኝተህ ስትሄድ እናትህ መተማ ዮሐንስ ድልድዩ ድረስ ሸኘችህ። እኔ ቤት ቀረሁ። የባጃጁን ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ አዳምጬዋለሁ፤ ያን ጊዜ ጆሮዬ ደህና ነበር።

አሁን ወደዚህኛው ልምጣ። ግንቦት ላይ ሰው በብዛት መሻገር ሲጀምር ፎቶህን ይዤ መተማ ዮሐንስ ወረድኩ። ተሻጋሪውን የምትመዘግበው ልጅ ትሁት ናት። «አባት፣ እዚህ መዝገብ ላይ የሉም፤ ሲመጡ እንነግርዎታለን» አለችኝ። በሳምንቱም እንዲሁ፣ በወሩም እንዲሁ። ለተሻጋሪው ሁሉ ፎቶህን አሳየሁ። ግን ያለኝ ፎቶ የዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ጢም የለህም፣ ሸሚዝህ የደንብ ልብስ ነው። አንድ ሽማግሌ ፎቶውን ሲያዩ ቆይተው «ይህ ሕፃን ነው፣ ለብቻው ነው እንዴ የላካችሁት?» አሉኝ።

ዘፈኑ የመጣልኝ ያኔ ነው። ሰዉ በመኪናም በእግሩም ይጎርፋል፣ አቧራ ነው፣ ሁሉም ፊቱን ሸፍኗል። እኔ አንተን ባላይ አንተ ትሰማለህ አልኩ። አሸናፊን ታውቀዋለህ፣ ባጃጁ ላይ የሠርግ ቤት የሚያህል ድምፅ ማጉያ የጫነውን። ቴፔን ከሱ ጋር በገመድ አያያዘልኝ፤ ማክሰኞና ቅዳሜ መንገድ ክፍት በሆነ ቁጥር ከድልድዩ ወዲህ ማዶ ቆመን እንከፍተዋለን። እናትህ «ሰው ልጁን በስሙ ይጠራል፣ አንተ በፀጉራም ትጠራዋለህ» አለችኝ። ግን ባትሪ ድንጋይ የምትገዛልኝ እሷ ናት።

በሁለተኛው ቀን አንድ ዘበኛ መጣና «እነዚህ ሰዎች ከሞት አምልጠው ነው የሚመጡት፤ ዘፈን ይከፍቱባቸዋል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አፈርኩ። አጥፍቼ ልሄድ ስል ግን አንድ ሱዳናዊ መምህር ሻንጣው ላይ እንደተቀመጠ እጁን አነሳ፣ እንዲቀጥል። ከዚያ ወዲህ ዘበኛው ድምፁን ቀንሱ ብቻ ነው የሚለን። ቀስ በቀስ የሚወዱት ሰዎች መጡ። መምህሩ ወደ መጠለያው እስኪወሰድ ድረስ በከፈትን ቁጥር እየመጣ ያቺን የቀጭኑን ጊታር ቦታ እንድመልስለት ይለምነኝ ነበር። ዘበኛውም በአፉ ሲያንጎራጉረው ይዤዋለሁ። ስድስት ወር እንዲህ ሄደ። ካሴቱ ሁለት ጊዜ ተበጥሶ እናትህ በጥፍር ቀለም ቀጥላዋለች። ድምፁ አሁን ይጎተታል፤ ሰውየው አርጅቷል፣ እንደ እኔ።

ባለፈው ማክሰኞ ዘሀቢያ የምትባል ሱዳናዊት እናቷን ይዛ መጣች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። የባጃጁ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ውሃ ሰጠናቸው። ዘፈኑ ከፍ ሲል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ የምትጸልይ መሰለኝ። ጠጋ አልኩ። «ሰሊጥ፣ ሰሊጥ» ትላለች። ከዚያ አንዴ አጨበጨበች። «ሰሊጥ፣ ሰሊጥ።»

ቴፑን አጠፋሁት። ጭብጨባው የቸሩ ነው፤ ከእኛ ማሳ ውጪ ማንም አያውቀውም።

«ሰሊጥ ምንድን ነው?» አልኳት በዚያች በምታውቃት ዓረብኛዬ።

«ማ ባዕሪፍ» አለች፣ አላውቅም ማለቷ ነው።

«ሲምሲም ማለት ነው።»

«ሲምሲም?» አለችና ፈገግ ብላ እናቷን አየች። «ያ ዓሚ፣ እኛ እኮ የናንተ ጸሎት መስሎን ነበር።»

ከዚያ ነገረችኝ። ካርቱም ውስጥ በአንድ ፎቅ ምድር ቤት ተሸሽገው ከረሙ። ከዘመድም ከጎረቤትም ሠላሳ ሰው። አብሯቸው አንድ ሐበሻ ነበረ። ከላይ መተኮስ ሲጀምር ሐበሻው ጊታሩን በአፉ፣ ከበሮውን በጀሪካን ይጫወታል፤ ሰሊጥ ላይ ሲደርስ ሠላሳውም ይጮሃል፣ የውጪው እንዳይሰማ። መጀመሪያ ሰዉ ዝም በል ይለው ነበር አለች። ቆይቶ ግን እናቷ ራሷ «ያንን ጸሎት በል» ትለው ጀመር። ዘፈኑ የማን ነው ሲሉት «ሐግ አቡይ» ይላቸዋል። የአባቴ ነው። ስሙን «ከዳን» አለችኝ። እንደዚያ ነው የምትጠራህ።

«አሁን የት ነው?»

«ውሃ አልቆብን ነበር። ጀሪካኑን ይዞ ወጣ» አለች።

እናቷ በፍጥነት የሆነ ነገር ተናገረቻት። ዘሀቢያ ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌላ አንድ ነገር አለችኝ። አጭር ነው። አሸናፊ ራቅ ብሎ ነበርና «ምን አለችዎ?» ሲለኝ «ጆሮዬ አልያዘውም» አልኩት። ሚያዝያ ላይ እጄ ግራሶ እንደነበረው፣ ማክሰኞ ዕለትም ጆሮዬ ደንቁሮ ነበር።

እንድትደግምልኝ አልጠየቅኳትም። የምትሄድበት መኪና መጣ። ከመሳፈሯ በፊት ቴፑን እንድከፍትላት በእጇ አሳየችኝ፤ ከፈትኩላት። መኪናው እስኪርቅ ድረስ ታጨበጭብ ነበር።

ለእናትህ የነገርኳት እንዲህ ነው፦ ልጅሽን የሚያውቅ ሰው አገኘሁ፣ ይዘፍናል፣ ሰው ሁሉ ይወደዋል። «የት ነው ያለው?» አለችኝ። «ውሃ ሊቀዳ ሄዶ ነው» አልኳት። «ድሮም ውሃ ቅዳ ሲባል እምቢ አይልም» አለችና ወደ ፍየሎቿ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን ደጋግማ አትደውልም፤ ልቧ ርግት ብሏል። እኔ ደግሞ ፊቷን ማየት አልቻልኩም። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም፣ ኪዳን። የተበላሸ ነገር ሁሉ ፈትቼ የምገጥም ሰው ነበርኩ። ይህን ግን በየት በኩል እንደሚፈታ አላውቀውም።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርህና ይብቃኝ። አንተ ትክክለኛውን ቃል ታውቀው ነበር። ያን ሁሉ ሰው ሴል ኢት ብለህ ልታስተምር ትችል ነበር፤ ካርቱም ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አይጠፋም። ያስተማርካቸው ግን የእኔን ስህተት ነው። ከነጭብጨባው። ያን ስሰማ ከባጃጁ ጀርባ ዞሬ አለቀስኩ፤ ዕድሜዬ ስልሳ አንድ ነው፣ አላፈርኩም።

ቃሉ ሽጠው ነው። ትክክል ነበርክ። ይህን በሰው ፊት፣ ዳሱ ሥር፣ ቸሩ እየሰማ ልነግርህ ነበር የሚገባኝ። ትክክለኛ ስማቸውንም ንገረኝ፤ በአፌ እንዴት እንደምይዘው አላውቅም እንጂ ልጠራቸው እፈልጋለሁ።

ባህሩ ፖስታው ላይ አድራሻ ጻፉበት ብሎኛል። ካርቱም ብዬ ስምህን ጻፍኩና ቆምኩ። የሰፈሩን ስም አላውቀውም፤ በደወልክ ቁጥር የምትነግረው እናትህን ነበር። ስለዚህ ከሥሩ የማውቀውን ጨመርኩ፦ «ውሃ ሊቀዳ ለወጣው ሐበሻ»። ሌላ አድራሻ የለኝም።

እመብርሃን ካለህበት ትድረስልህ። ጥላህ እንዳይርቅህ፣ የረገጥከው መሬት እንዳይጎረብጥህ። እናትህ የሻረግ ትስምሃለች። ነገ ቅዳሜ ነው፤ መንገድ ከተከፈተ ድልድዩ ጋ ነኝ። ጀሪካኑ ከከበደህ ጥለኸው ና፤ ውሃ እኛ ጋ አለ።

ሰሊጥ እያለ የሚጠብቅህ አባትህ፣
ታንጉ